ፔጆ 404 ወይስ ቮልስ? በሐረርና በድሬዳዋ አሮጌ መኪና ገዝቶ በግቢው ለሚያድስ ሰው

በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ መኪና ገዝቶ ማደስ የሚፈልግ ሰው ምርጫው አገር ውስጥ ባሉት ላይ የተወሰነ ሆኗል። በሐረርና በድሬዳዋ ጥያቄው ብዙውን ጊዜ በሁለት መኪኖች መካከል ነው፦ ሐረርን ለረጅም ዓመታት በታክሲነት ባገለገለችው ፔጆ 404 እና ሞተሯን ከኋላ በተሸከመችው ቮልስ። ሻጮች ስለ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ሞተሩ ጤንነት ነው፤ ገዢው ግን አስቀድሞ ላሜራውን ቢመለከት ይሻለዋል። ሞተር ተፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ የተበላ ወለል ግን ብየዳና ባትላሜራ ይፈልጋል፣ ወጪውም ሥራው ተጀምሮ እስኪገለጥ ድረስ አይታወቅም።

በዚህ በኩል ቮልስ ለጀማሪ ትቀላለች። አካሏ ከወለሏ ጋር የታሰረው በብሎን ስለሆነ ፈትቶ ማንሣት ይቻላል፤ ፓራፋንጎዎቿም እንዲሁ በብሎን ይወጣሉ። ዝገቷ የሚደበቅባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው፦ ከኋላ መቀመጫ ሥር ባትሪው የሚያርፍበት ወለልና ከበሮቹ በታች የሚያልፉት የሙቅ አየር ማስተላለፊያዎች። ሻጩ ቅር ቢለውም መቀመጫውን አንሥቶ ወለሉን በካቻቪቴ ጫፍ ወጋ ወጋ ማድረግ ተገቢ ነው። 404 ግን አካሏና ወለሏ አንድ ላይ የተበየደ በመሆኑ ለብቻው የሚነሣ ሻንሲ የላትም። ኮፈኗ ሲከፈት የፊት ሞላዎቹ ከላይ የሚታሰሩበት ቦታ በደንብ መታየት አለበት፤ እዚያ ላይ ወፍራም ስቱኮ ወይም የተደራረበ ብየዳ ካገኘሁ፣ ዋጋዋ ምንም ያህል ቢረክስ እኔ አልገዛትም።

የቮልስ ሞተር ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎኖች ነው፤ የቤንዚን ቱቦው፣ ገመዶቹና ሽቦዎቹ ከተላቀቁ በኋላ ሁለት ሰዎች በአንድ ጥሩ ክሪክ ሊያወርዱት ይችላሉ። ከመግዛት በፊት፣ ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ፣ የክራንኩን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩትን ዘንግ) ፑሊ ጨብጦ ወደ ፊትና ወደ ኋላ መግፋትና መሳብ ብዙ ነገር ይናገራል። በጤነኛ ሞተር ይህ ጨዋታ 0.13 ሚሊ ሜትር ያህል ቢደርስ ነው፤ በእጅ የሚታወቅ ምት ካለ የሞተሩ ቤት ራሱ ቶርኖ ሊፈልግ ስለሚችል፣ በርካሽ የተገዛችው መኪና ውድ ትሆናለች።

የ404 ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ሲሊንደሮቹ ከብሎኩ የሚወጡ ላይነሮች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ስለሆኑ፣ ያረጀውን ከነፒስተኑ መቀየር እንጂ ብሎኩን ማስፋት አያስፈልግም። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፣ ጣጣም አለው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ከወረደ በኋላ ላይነሮቹ በቦታቸው ካልታሰሩና በዚያው ክራንኩ ከዞረ፣ ተነሥተው ከሥራቸው ያለውን ማሸጊያ ያበላሹታል፣ ውኃም ከዘይት ጋር ይቀላቀላል። በግቢው የሚሠራ ጀማሪ ይህን ክፍል ለሚያውቅ መካኒክ ቢተወው ይበጀዋል።

ቮልስ በአየር ስለምትቀዘቅዝና ውኃ ስለማትፈልግ ሙቀት አይነካትም ሲባል ይሰማል፤ ነገሩ ግማሹ ብቻ ነው እውነት። እስከ እ.ኤ.አ. 1970 በተሠሩት ላይ የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደውን አየር ስለሚቀንስ፣ የዚያ ሲሊንደር ቫልቭ ከሌሎቹ ይበልጥ ይግላል። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት ቀጫጭን ላሜራዎችና ጎማዎች ከጎደሉ ደግሞ የጋለው አየር ተመልሶ ይገባል፤ ከድሬዳዋ ወደ ደንገጎ የሚያወጣው ዳገት ይህን በቶሎ ያጋልጣል። 404 ራዲያተሯ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ዳገቱን በትዕግሥት ትወጣለች፤ የአሉሚኒየም ቴስታታዋ ግን አንዴ በሙቀት ከተጣመመ ሳይስተካከል ውኃ መያዙን ያቆማል። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር፣ ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆኑ፣ ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር ሐረር ሲደርስ ቤንዚን ያበዛል። ስለዚህ የጠቆረ ካንዴላ ብቻውን ሞተሩ ማርጀቱን አያሳይም፤ ለዋጋ ክርክር ግን ጥሩ ምክንያት ነው።

በመለዋወጫ ቮልስ ትበልጣለች፤ ሜክሲኮ ውስጥ እስከ እ.ኤ.አ. 2003 ስለተመረተች ብዙ ዕቃዋ ዛሬም ውጭ አገር በአዲስነት ይሠራል። 404 ፈረንሳይ ውስጥ መመረቷ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው፤ ዕቃዋ በአብዛኛው የሚገኘው ከቆሙ እኅቶቿ ተፈትቶ ነው። በተለይ የኋላ ዲፈረንሻሏ ከብዙዎቹ መኪኖች የተለየ ጥርስ ስላለው፣ እየነዱ ጩኸቱን ማዳመጥ ግድ ነው። ቡሽና ፒን የመሳሰሉትን የድሬዳዋ የቶርኖ ባለሙያዎች ይቀርጹታል። የመቀመጫ ልብስ ለሁለቱም አያስቸግርም፤ ቪኒሉ ወፍራም ከሆነ ግን በሐረሩ የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ በመኪና ግርግር፣ ሰፊዎቹ የሚሠሩበት ተራ የስፌት መኪና ላይበሳው ይችላል።

ብቻውን፣ በጠባብ ግቢ፣ በትርፍ ጊዜው ለሚሠራ ሰው ቮልስን እመርጥለታለሁ። ሐረር ተቀምጦ ከ404 ጋር የኖረ ሽማግሌ መካኒክ በቅርብ ያለው፣ ቤተሰቡንም ይዞ ወደ ድሬዳዋ መመላለስ የሚፈልግ ግን ድካሙን ችሎ 404ን ቢይዝ አይቆጭም፤ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ ያሸነፈች መኪና ናት። ቤቱ ጀጎል ውስጥ ከሆነ ከመኪናዋ በፊት ከግንቡ ውጭ የሥራ ቦታ ይፈልግ። የትኛዋንም ቢመርጥ፣ ቀብድ ከመስጠቱ በፊት የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ከሊብሬው ጋር ያመሳክር፤ እነዚህ መኪኖች በዕድሜያቸው ሞተር ሊቀየርላቸው ስለሚችል፣ ቁጥሩ ካልገጠመ ማስተካከያውን ሻጩ በራሱ ስምና ወጪ እንዲጨርስ በውሉ ላይ ይጻፍ።