ሳይፎን፦ ለሚያነብ ይሆናል፣ ለሚጽፍ አይሆንም

ሳይፎን ነጻ ቪፒኤን ነው፣ ማለትም የታገዱ ድረ ገጾችንና አፖችን በሌላ መንገድ የሚያስገባ አፕ። ስልክ ላይ ትጭኑታላችሁ፣ ማስጀመሪያዋን ትነካላችሁ፣ የተዘጋው ይከፈታል። አለቀ። አካውንት ክፈቱ፣ ኢሜይል አምጡ፣ ስልክ ቁጥር አስገቡ የሚል ጣጣ የለውም። አንድ ሌላ ነጻ ቪፒኤን (ስሙ ይቅር) ሞክሬ ኮንታክቶችህን እንዳይ ፍቀድልኝ ብሎኛል። የእኔ ኮንታክት ለቪፒኤን ምን ያደርግለታል?

በሰኔ 2010 መንግሥት 264 ድረ ገጾችንና ሚዲያዎችን ከፈትኩ ሲል፣ ይሄ አፕ ሥራ ሊፈታ ነው ብዬ ነበር። የት ይፈታል! የካቲት 2015 የቅዱስ ሲኖዶሱ ጉዳይ ሲጦዝ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ተዘጉ። እስከ ሐምሌ፣ አምስት ወር ገደማ። የሚያስቀው ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ፌስቡክ ገጻቸው ላይ መለጠፋቸውን አላቆሙም። እነሱስ በምን ገብተው ነው?

ጥሩ ጎኑ አንዱ መንገድ ሲታፈንበት በሌላ መሞከሩ ነው። አንዳንዴ ወዲያው ይገናኛል፣ አንዳንዴ ቡና አፍልታችሁ እስክትመለሱ ይሽከረከራል፣ ግን ይገናኛል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ ከስልክ ስልክ በዜንደር መላክ ይቻላል። በነጻው ላይ ፍጥነቱ የተገደበ ነው፣ ማስታወቂያም አለው። ጽሑፍ ለማንበብ ይበቃል፣ ቪዲዮ ላይ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ባትሪም ይበላል። አንዳንድ የባንክ አፖች ቪፒኤን በርቶ አንገባም ስለሚሉ ብር ስትልኩ አጥፉት።

ሰው ይሄን ሁሉ የሚችለው ወዶ አይደለም። የማታው ዜና ላይ የሪባን ቆረጣና የስብሰባ ወሬ እየሰማ፣ ሰፈሩ ውስጥ የሆነውን ነገር ግን ውጭ አገር ካለ ዘመዱ ነው የሚሰማው። ገና ፍርድ ያልተሰጠበት ተከሳሽ ላይ ዶክመንተሪ ሠርቶ በፕራይም ታይም ያሳየ ጣቢያን ማን ይመነው? የግሎቹም ቢሆኑ ፈራ ተባ ሲሉ ያስታውቃሉ። ግን ሳይፎን የሚያስገባችሁ ቴሌግራም ውስጥም «ሰበር ዜና» ብሎ የአምናውን ፎቶ የሚለጥፍ ሞልቷል። ያንን አፑ አያጣራላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ለምትጽፉ ሰዎች ይሄ አፕ ጋሻ አይደለም። እኔ ስላልኩ አይደለም፣ ራሳቸው ሠሪዎቹ ሳይፎን የተዘጋ ለመክፈት እንጂ ማንነትን ለመደበቅ አልተሠራም ይላሉ። ብዙ ሰው ይቺን አያነባትም፣ ቁልፏን አይቶ ተደበቅኩ ይላል።

የዞን 9 ጦማሪያንን አስታውሱ። በ2004 «ስለሚያገባን እንጦምራለን» ብለው ጀመሩ፣ ብሎጋቸው ወዲያው አገር ውስጥ ተዘጋ። አንባቢ በቪፒኤን ይገባ ነበር፣ ቪፒኤን እዚያ ድረስ ሥራውን ሠርቷል። ሚያዝያ 2006 ግን ስድስት ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ በጸረ ሽብር አዋጁም ተከሰሱ። በስማቸው ነበር የሚጽፉት፣ ቪፒኤን ምን ሊሸሽግ? ጭራሽ ክሱ ውስጥ የኢሜይልና የኮምፒውተር ደህንነት ሥልጠና መውሰዳቸው ራሱ እንደ ወንጀል ተቆጠረ። የመጨረሻዎቹ ከእስር የወጡት ጥቅምት 2008 ነው።

ሌላም አለ። በዚያው ሰሞን የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ቡድን ሲቲዝን ላብ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎችና የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ያነጣጠሩ የስለላ ሶፍትዌሮችን አጋለጠ። ፊንፊሸር አንዱ ነው፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ሌላው። (ሳይፎንም የተወለደው እዚያው ላብ ውስጥ ነው።) እንዲህ ያለው ሶፍትዌር ኮምፒውተሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ የምትጽፉትን ከጣታችሁ ሥር ያነባል። ቪፒኤን የሚሸፍነው ከስልካችሁ ወጥቶ መንገድ ላይ ያለውን ብቻ ስለሆነ እዚህ ምንም አያደርግላችሁም። ስልካችሁን ከእጃችሁ ተቀብሎ «ክፈት» የሚል ሰው ሲመጣማ አፑ መኖሩ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል።

መስመሩ ጭራሽ ሲቆረጥም እንደዚያው ነው። ትግራይ በጦርነቱ፣ አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ዳታ ሲጠፋ ሳይፎን ስልኩ ላይ ተጭኖ መቀመጥ ብቻ ነው ያለው።

ለማንበብ ከአምስት አራት ኮከብ። ለመጻፍ ደግሞ አንድ፣ እሱንም ገንዘብ ስለማያስከፍል። ከፈለጋችሁት ሳይዘጋ አሁኑኑ ከራሱ ድረ ገጽ ወይም ከፕሌይ ስቶር አውርዱት። በተዘጋ ማግስት በየግሩፑ የሚዞረውን ፋይል ማን ምን እንደጨመረበት ስለማይታወቅ፣ ካላመናችሁት ሰው አትቀበሉ።