የድሮ ሴይኮ 5 ገዝታችሁ ሰዓት ጥገና ልትማሩ ያሰባችሁ፣ ክዳኑ ሳይከፈት ብር እንዳትከፍሉ

ሰዓት ጥገና በትርፍ ጊዜዬ መማር ከጀመርኩ ሦስት ወሬ ነው። እንደኔ በአሮጌ ሴይኮ 5 የሚጀምር ብዙ ሰው አለ። የአባቶቻችን እጅ ላይ ያየነው ሰዓት ስለሆነ ፍቅሩ አለብን፣ ሻጮቹም ይህን ያውቃሉ።

በቴሌግራም «ኦሪጅናል፣ ሰርቪስ የተደረገ» የተባለ አንዱን በ6,500 ብር ገዛሁ። ሻጩ ካፌ ድረስ አመጣልኝ። ፊቱ አዲስ ይመስላል፣ ሳወዛውዘው መሥራት ጀመረ፣ ከፈልኩ። ቤት ገብቼ ክዳኑን ስከፍተው ግን አንጀቴ አረረ። ፊቱ ላይ 21 ጁዌልስ (ማርሾቹ የሚዞሩባቸው ደቃቅ ድንጋዮች) ይላል፣ ማሽኑ ላይ የተቀረጸው 17 ነው። ክዳኑ ላይ ያለው የማሽን ቁጥር 6119 ይላል፣ ውስጥ ያለው ማሽን 7009 ነው። የተለያየ ሰዓት ዕቃ ተገጣጥሞ፣ ፊቱ እንደገና ቀለም ተቀብቶ ነው የተሸጠልኝ።

ሰርቪስ የተባለውም ዘይት ማፍሰስ ነው። የሰዓት ዘይት ማርሾቹ የሚዞሩበት ቦታ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጠብታ ናት፤ እንዲህ ሲጥለቀለቅ ለጥቂት ቀን ያስኬደውና አቧራ ይዞ ይጣበቃል። የኔው በአምስተኛው ቀን ቆመ። ስደውል ስልክ አያነሳም።

ሴይኮን ማጣራት ከባድ አይደለም። የጀርባው ክዳን ላይ ከሰረዙ በፊት ያሉት አራት ቁጥሮች የማሽኑ ዓይነት ናቸው፣ ስለዚህ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሄዳችሁ አስከፍቱና ማሽኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት። ፊቱ ላይ ከ6 ቁጥር ሥር ያለውን ደቃቅ ጽሑፍም እዩት፤ ከጠፋ ወይም ከተንጋደደ ተጠራጠሩ። የብሎኖቹ ራስ ከተበላ ደግሞ ብዙ እጅ ነክቶታል ማለት ነው። ሻጩ «አይከፈትም» ካለ ትታችሁ ሂዱ።

አብሮ የሸጠልኝ ርካሽ የካቻቢቴ ስብስብም ያው ነው። ጫፉ ለስላሳ ብረት ስለሆነ የመጀመሪያው ብሎን ላይ ተጣመመ፣ ብሎኑንም አበላሸብኝ። ሁለት ጥሩ ካቻቢቴና አንድ ደህና ወረንጦ ከዚያ ሁሉ ኮተት ይሻላሉ።

በኋላ መርካቶ ያሉ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ሰዓቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ከዚያ ከመሳቢያቸው ሁለት የሞቱ ማሽኖች አውጥተው በ400 ብር ሰጡኝ። «መጀመሪያ እነዚህን ፍታና መልሰህ ግጠም» አሉኝ። አሁን የምማረው በነሱ ነው።