በሰኞ ገበያ ወፍጮ ቤት የወረፋ ፍትሕ

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ በሚገኝ አንድ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆኖኛል። ዱቄቱ ልም ነው፤ በርበሬና ሽሮ የየራሳቸው ወፍጮ አላቸው። ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የወረፋ አያያዛቸው ነው።

በሌሎች ወፍጮ ቤቶች ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ያስፈጫል። ይህ አሠራር እኩልነት ይመስላል፤ ሆኖም ከማሽላ ቀጥሎ ነጭ ጤፍ የሚያስገባ ሰው በወፍጮው ውስጥ የቀረው ዱቄት ስለሚደባለቅበት፣ ተራው ተጠብቆለትም ይበደላል። እዚህ ግን ጠዋት ነጭ ጤፍ፣ ቀጥሎ ሰርገኛና ቀይ ጤፍ፣ ከሰዓት በኋላ በቆሎና ማሽላ ይፈጫል፤ በአንድ ዓይነት እህል መካከል ተራው በአመጣጥ ነው። አርስቶትል ፍትሕ እኩል የሆኑትን እኩል፣ ያልሆኑትን እንደ ልዩነታቸው ማስተናገድ ነው ያለው እንዲህ ላለው ጉዳይ ይመስለኛል። ደንቡ በር ላይ ተለጥፏል፤ ለዘመድም ለባለሥልጣንም አይጣስም። ለለቅሶ ቤት የሚፈጭ እህል ብቻ ያልፋል፤ ያም ሠራተኛው ወረፋተኛውን ካስፈቀደ በኋላ ነው። እስካሁን «አብሽሪ፣ እለፊ» ከማለት በቀር እምቢ ያለ ሰው አላየሁም።

ቅር የሚለኝ አንድ ነገር አለ። አሜሪካዊው ፈላስፋ ጆን ሮልስ፣ ሰዎች በኅብረተሰቡ ውስጥ የራሳቸው ቦታ የትኛው እንደሚሆን ሳያውቁ የሚስማሙበትን ደንብ ፍትሐዊ ይለዋል። እኔም ነገ ጤፍ ይዤ ልምጣ ማሽላ ሳላውቅ ብጠየቅ፣ ይህን ደንብ ሳላመነታ የምቀበለው አይመስለኝም። ማሽላና በቆሎ የሚያስፈጩት አብዛኞቹ አቅማቸው ዝቅ ያለ ነው፤ መብራት ከሰዓት በኋላ በጠፋ ቁጥር ሳያስፈጩ የሚመለሱት እነርሱ ናቸው። ማንም ሊበድላቸው አላሰበም፤ ሸክሙ ግን ሁልጊዜ በእነርሱ ላይ ይወድቃል። ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩት፣ ድሃና ሀብታም ሳይለይ ያስተናግድ ነበርና «አይጠየፍ» የተባለው አዳራሽ በሚገኝባት ከተማ ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

በሳምንት ሁለት ቀን ማሽላ ጠዋት እንዲፈጭ፣ ከዚያም ወፍጮው ተጠርጎ ጤፍ እንዲከተል ባለቤቱን ጠይቄያቸው ነበር። በቅንነት አዳመጡኝና ማጽዳቱ ግማሽ ሰዓት ሥራ እንደሚያስፈታ ነገሩኝ። ጤፍ ከምናስፈጨው አንዱ እንደመሆኔ፣ ያንን ግማሽ ሰዓት ቆሜ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ነኝ፤ ሌሎች ደንበኞችም ይህንኑ እንዲነግሯቸው እጠይቃለሁ።