ለሚንቀራፈፍ ብሮውዘር ራም ወይስ ኤስኤስዲ?

ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ገብታችሁ «ክሮም ስከፍት ላፕቶፑ ይንቀራፈፍብኛል» ብትሉ፣ ራም (ክፍት ፕሮግራሞች የሚሠሩበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) የያዘው ሻጭ ራም፣ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ፈጣን ዲስክ) የያዘው ኤስኤስዲ ቢመክራችሁ አይግረማችሁ። ስለዚህ ከቤት ሳትወጡ መርምሩት። የዘወትር ታቦቻችሁን ክፈቱና ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል፤ «ፐርፎርማንስ» ውስጥ ሜሞሪን (ራሙን ማለት ነው) እና ዲስክን ተመልከቱ።

ሜሞሪው 60 በመቶ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 ላይ ከተቸነከረ ጥፋቱ የዲስኩ ነው፤ ራም ብትጨምሩ ለውጥ አታዩም። ዲስኩ ቀድሞውንም ኤስኤስዲ ሆኖ ሜሞሪው 90ን ካለፈ ግን የጎደለው ራም ነው። ሁለቱም ጣሪያ ሲነኩ ዊንዶውስ ራም አንሶት ትርፉን ወደ ዲስክ እየገፋ ነው ማለት ነው። ወደ ቀድሞው ታብ ስትመለሱ ገጹ ነጭ ሆኖ የሚቆየውም ለዚህ ነው። ሁለቱም ረጋ ብለው ገጹ ብቻ ከዘገየ ኔትወርኩን ጠርጥሩ፤ በሌላ መስመር ሳትሞክሩ ብር አታውጡ።

4 ጊጋ ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው፣ ለአንዱ ብቻ የሚሆን ብር የያዘ ሰው ኤስኤስዲውን ያስቀድም። ብሮውዘር የሚያነበው በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፋይሎችን ነው፤ የሃርድ ዲስኩ ክንድ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲንከራተት ጊዜው ያልቃል። ለዚህ ሥራ 240 ወይም 256 ጊጋ ይበቃል፤ የድሮውን ዲስክ ቦታ የሚተካው ባለ 2.5 ኢንች ሳታው (የተለመደው የዲስክ ማገናኛ ያለው) ነው። ኤም ዶት ቱ (ማዘርቦርዱ ላይ የሚሰካውን ቀጭን ኤስኤስዲ) ከመግዛታችሁ በፊት ግን መሰኪያው መኖሩን፣ ካለም የሚቀበለው ሳታ ይሁን ኤንቪኤምኢ (ሌላው የግንኙነት ዓይነት) አረጋግጡ፤ ቅርጹ ተመሳስሎ የማይሠራ አለ።

ራም ላይ ስህተት ይበዛል። ዲዲአር3 የተባለው የራም ትውልድ በዲዲአር4 ቦታ አይገባም፣ ጥርሱ ሌላ ቦታ ነው። ባለ 1.35 ቮልት ዲዲአር3ኤል የሚፈልግ ላፕቶፕ ደግሞ ባለ 1.5 ቮልቱን ሲሰጡት ላይነሳ ይችላል። የድሮውን ነቅላችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ተለጣፊው ላይ ሁሉም ተጽፏል። ስትሰኩ አጋድማችሁ አስገቡና ሁለቱ የጎን መቆንጠጫዎች ቀጭ እስኪሉ ወደ ታች ተጫኑ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ከቀረ ነቅላችሁ ወርቃማውን ጫፍ በላጲስ አሹትና መልሱት። ዊንዶውሱ 32 ቢት ከሆነ 8 ጊጋ ብትሰኩም ከ4 በላይ አይጠቀምም።

ነፃ መፍትሔም አለ፦ ክሮም ውስጥ ሺፍትና ኢስኬፕ ስትጫኑ ሜሞሪ የሚበላው ኤክስቴንሽን (ብሮውዘሩ ላይ የተጨመረ ትንሽ ፕሮግራም) በስሙ ይወጣል፤ አስወግዱት። ዊንዶውስ 7 ላይ ያላችሁ ደግሞ ክሮም ከ109ኛው ስሪት በኋላ ጥሏችኋል፤ አዲስ ስሪት አይመጣላችሁም።

መንቀራፈፉ የሚጀምረው ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ፋኑ ሲጮህ ከሆነ ግን ሁለቱንም አትግዙ። በድሬ የቀትር ሙቀት አቧራ የጠጣ ፋን ፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቧራውን አስነፉ፣ ቴርማል ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) አስቀይሩ።