መላጨት ወይስ መታከም፦ ፀጉሩ በወጣትነቱ ለሚሳሳበት

ፀጉሩ በሃያዎቹ ዕድሜው ከግንባሩና ከአናቱ መሳሳት የጀመረን ወጣት ብዙውን ጊዜ ከፀጉሩ መርገፍ ይልቅ የሚያደክመው መስታወት ፊት የሚያጠፋው ጊዜና ከፎቶ መሸሹ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን አማራጮች በዋጋቸው ብቻ ሳይሆን ለአእምሮ በሚሰጡት ዕረፍትም መመዘን ይገባል።

መላጨት ወጪው አነስተኛ ነው፤ ውጤቱም የዚያኑ ዕለት ይታያል። ከባዱ የመጀመሪያው ሰሞን ነው፤ በእኛ ዘንድ ራስን መላጨት የሐዘን ምልክትም በመሆኑ «ማን ሞተብህ?» የሚል ጥያቄ ሊያስከትል ይችላል። ሆኖም የሚደበቅ ነገር ስለማይቀር ጭንቀቱ ቶሎ ይረግባል። ለፀሐዩ ባርኔጣ ይበቃል።

ሚኖክሲዲል የተባለው፣ ፀጉር እንዲያድግ የሚረዳ የሚቀባ መድኃኒት በአንጻሩ ትዕግሥት ይጠይቃል፦ 5 በመቶ የሆነው ፈሳሽ በቀን 2 ጊዜ ይቀባል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፀጉሩ ይበልጥ ሊረግፍ ይችላል፤ ለውጡ የሚታየው ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ሲሆን፣ ቅባቱ ሲቋረጥ ደግሞ የተገኘው ፀጉር ተመልሶ ይረግፋል። ትራሱ ላይ የወደቀውን ፀጉር በየማለዳው ለሚቆጥር ሰው ይህን ያህል መጠበቅ ራሱን የቻለ ሸክም ነው። ሌላው የፀጉር መሳሳት መድኃኒት፣ የሚዋጠው ፊናስቴራይድ፣ በአንዳንዶች ላይ የወሲብ ፍላጎትን ሊቀንስና ስሜትን ሊያጨልም ስለሚችል ያለ ሐኪም ትእዛዝ መጀመር የለበትም።

መሳሳቱ ገና ጅምር ለሆነበትና መጠበቅ ለማይከብደው ሕክምናው ይስማማዋል፤ አናቱ ለተገለጠ ወይም መሸፋፈኑ ለሰለቸው ደግሞ መላጨቱ ይሻላል። ፀጉሩ ድንገት ክብ ክብ እየሠራ የሚረግፍበት ሰው ግን ምክንያቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል፣ ሁለቱንም ትቶ አስቀድሞ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ይሂድ።