ፋኑ ይቆይ፣ ሽቦው ይጣል፦ የኤሌክትሪክ ራዲያተር ፋን በፒክአፕ ላይ ከ8 ወር በኋላ

የሪሌው መቀመጫ በ8ኛው ወር ቀለጠ፤ ሪሌ ማለት በትንሽ ጅረት ታዝዞ ትልቁን ጅረት የሚያበራና የሚያጠፋ ስዊች ነው። 87 ቁጥር በተጻፈበት ቀዳዳ ዙሪያ ጥቁሩ ፕላስቲክ አብጦ ቡናማ ሆኗል፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ምላስ ጠቁሯል፤ ከኋላው የሚወጣው ሽቦ ላስቲኩ ሁለት ጣት ያህል ደርቆ፣ ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይረግፋል። ፊውዙ ግን ደህና ነው። 30 የተጻፈበት አረንጓዴ ፊውዝ ከካርቶኑ እንደወጣ ንጹሕ ሆኖ ተቀምጧል። የዚህ ግምገማ ጉዳይ ይኸው ነው፦ መቀመጫው ሲቃጠል ፊውዙ ለምን ዝም አለ?

ዕቃው በሞተሩ ጉልበት የሚዞረውን ክላች ፋን አስወጥቶ በቦታው የሚተካ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ባለ 12 ኢንች ሳቢ ፋኖች፣ የራዲያተሩን ፊት ሙሉ የሚያቅፍ የአሉሚኒየም ሽራውድ (አየሩን ወደ ፋኖቹ የሚሰበስብ ሽፋን)፣ አንድ ባለ 40 አምፔር ሪሌ ከነመቀመጫው፣ አንድ ፊውዝ፣ 2 ካሬ (ካሬ ሚሊ ሜትር) ሽቦ እና የራዲያተር ቅጠል ውስጥ የሚሰካ ዘንግ ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። የተገጠመው ባለ አራት ሲሊንደር የቤንዚን ፒክአፕ ላይ ነው። ፋኖቹ በ8 ወር ውስጥ አልተንቀጠቀጡም፣ አልጮኹም፣ ክንፋቸው አልተሰነጠቀም። ስለ እነሱ ይህ ይበቃል።

ችግሩ ሲጀምር ችግር አይመስልም። ሪሌው ቀጭ ይላል፣ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ አውራ ጎዳና ላይ የሙቀት መለኪያው መርፌ ቦታውን አይለቅም። መኪናው በደንብ ሲሮጥ ራዲያተሩን የሚያበርደው ከፊት የሚገባው ንፋስ ስለሆነ የፋኑ ድካም አይታወቅም። የሚያጋልጠው መጨናነቅ ነው። ኤር ኮንዲሽነር በርቶ፣ መኪናው እየቆመ እየሄደ፣ መርፌው ቀስ እያለ ከመሃል ወደ ላይ ይወጣል። ይሄኔ ብዙ ሰው ቴርሞስታት (ሞተሩ ሲሞቅ ለውሃው ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተውን ክዳን) ይቀይራል፣ ቀጥሎ ራዲያተር ያሳጥባል፣ ቀጥሎ የውሃ ፓምፑን ይጠረጥራል። ፋኑማ እየዞረ ነው! አዎ እየዞረ ነው፤ ግን በስንት ቮልት?

ሞተሩ በርቶ፣ ሁለቱም ፋኖች እየዞሩ፣ ባትሪው ላይ 13.6 ቮልት አለ። የፋኑ ሶኬት ላይ ሲለካ 11.4 ነው። 2.2 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ ለማግኘት ምንም መንቀል አያስፈልግም፤ ፋኖቹ እየዞሩ መልቲሜትሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርጎ፣ አንዱን ጫፍ በቁራጩ መጀመሪያ፣ ሌላውን በመጨረሻው እያሳረፉ መስመሩን ቁራጭ በቁራጭ መለካት ነው። ሽቦው ራሱ 0.5 ቮልት በላ። የፊውዙ ቤት 0.4። የኔጋቲቩ ማሰሪያ 0.4። ያቺ የ87 ምላስ ብቻዋን 0.9 ቮልት! ፋኖቹ በአንድነት ወደ 20 አምፔር ይስባሉ፤ 0.9 በ20 ሲባዛ 18 ዋት ነው። ሬዲዮ ጠጋኞች ከሚይዟት ትንሽ የመበየጃ ብረት ሙቀት ብዙም የማይርቅ ነገር፣ ፋኑ በበራ ቁጥር ወርዷ 6.3 ሚሊ ሜትር በሆነች ምላስ ላይ ያርፋል። ፕላስቲኩ 8 ወር መቆየቱ ራሱ ይደንቃል።

ሻጩ እዚህ ላይ ምን እንደሚል ይታወቃል። «ፊውዝ አለው እኮ!» አለው፣ አልተካደም። ፊውዝ ግን የሚያውቀው በራሱ ውስጥ የሚያልፈውን አምፔር ብቻ ነው፤ ከእሱ አንድ ክንድ ራቅ ብሎ ምን እየጋለ እንደሆነ አያይም። ሽቦ ተልጦ ከሻሲው ጋር ሲገናኝ አምፔሩ በቅጽበት ይተኮሳል፣ ፊውዙም ይቆረጣል፤ የተሠራውም ለዚህ ነው። የላላ ተርሚናል ተቃራኒውን ነው የሚያደርገው። መንገዱን ያጠባል፣ አምፔሩም ከመጨመር ይልቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ፊውዙ ከቀድሞው ያነሰ ጅረት እያሳለፈ በሰላም ይቀመጣል፣ መቀመጫው ይቀልጣል። «እንግዲያው ከፍ ያለ ፊውዝ አድርጉበት» የሚለው ምክር ደግሞ ከበሽታው የባሰ መድኃኒት ነው፤ 2 ካሬ ሽቦ ላይ 40 አምፔር ፊውዝ ከተሰካ፣ አጭር ግንኙነት በተፈጠረ ቀን ቀድሞ የሚነደው ሽቦው ነው።

«ሪሌው ባለ 40 ነው፣ 20 አምፔር ምን ያደርገዋል?» የሚልም አይጠፋም። ሪሌውን ምንም አላደረገውም፤ ተከፍቶ ሲታይ መነካኪያው ንጹሕ ነው። የወደቀው መቀመጫው ነው። ከመቀመጫው የተነቀለው ተርሚናል ላይ ጉዳዩ በዓይን ይታያል፦ ሽቦውን ጨምቀው የሚይዙት ጆሮዎቹ የነከሱት ግማሹን መዳብ፣ ግማሹን ደግሞ የሽቦውን ላስቲክ ነው። ላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲለሰልስ ንክሻው ይላላል፣ ንክሻው ሲላላ የበለጠ ይሞቃል። በዚህ ላይ የፋን ሞተር ከቆመበት ሲነሳ ለቅጽበት ከመደበኛው እጥፍና ከዚያም በላይ ይስባል፤ እዚህ ኪት ውስጥ ሁለት ሞተሮች በአንድ ሪሌ፣ በአንድ ምላስ፣ በአንድ ጊዜ ይነሳሉ። ከዋጋው ጥቂት ለመቆጠብ ሁለተኛ ሪሌ አለመጨመር፣ በእኔ ግምት፣ ይቅር የማይባል ስስት ነው።

ስለዚህ ሽቦው በሙሉ ወጥቶ ከዜሮ ተሠርቷል። ከባትሪው ፖዘቲቭ 10 ካሬ ገመድ ይነሳል፤ አንድ ስንዝር ሳይሄድ በብሎን የሚታሰር 40 አምፔር ዋና ፊውዝ ያገኛል። ከባትሪው እስከ ፊውዙ ያለው ገመድ ምንም ጥበቃ የሌለው ስለሆነ ማጠሩ ግዴታ ነው። ከዚያ ለሁለት ይከፈላል። ለእያንዳንዱ ፋን የራሱ 20 አምፔር ፊውዝ፣ የራሱ ባለ 40 ሪሌ፣ የራሱ 4 ካሬ ሽቦ። የሪሌ ቁጥሮቹ የመጡት ዲን 72552 ከተባለው የጀርመን ደረጃ ነው፦ 30 ከባትሪ የሚገባው፣ 87 ወደ ፋኑ የሚወጣው፣ 85 እና 86 የኮይሉ (ሪሌውን በማግኔት የሚስበው ጥቅል ሽቦ) ሁለት ጫፎች። 86 ከቁልፍ መስመር ፖዘቲቭ ይወስዳል፣ 85 በሙቀት ስዊቹ በኩል ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል። ሪሌው ውስጡ ዳዮድ (ጅረት ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለው እነዚህን ሁለቱን ማገላበጥ ዳዮዱን ያቃጥላል፤ ሥዕሉ የሪሌው ጎን ላይ ታትሟል፣ አንብቡት።

30 ቁጥርን ከቁልፍ መስመር የሚወስዱ ሠራተኞች አሉ፣ ሽቦ ስለሚያሳጥር። አታስደርጉ። አንደኛ፣ የቁልፉ መስመር ለ20 አምፔር አልተሠራም። ሁለተኛ፣ ንፋስ ወይም የራሱ የቀረ ፍጥነት የሚያሽከረክረው ፋን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ያ ኤሌክትሪክ ወደ ኋላ ሄዶ ቁልፉ ከተዘጋ በኋላም የመኪናውን ሞተር ለአፍታ እንደተነሳ ሊያቆየው ይችላል።

ኔጋቲቩ እንደ ፖዘቲቩ መከበር አለበት። በኪቱ መመሪያ መሠረት ከራዲያተሩ መያዣ ቆርቆሮ ጋር፣ ቀለሙ ሳይፋቅ፣ በአንድ ብሎን ነበር የታሰረው፤ 0.4 ቮልት የጠፋው እዚያ ነው። አሁን ሁለቱም ፋኖች 4 ካሬ ሽቦ ይዘው ቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ይመለሳሉ። ከራዲያተሩ አካል ጋር ማሰርማ ፈጽሞ አይሆንም፤ ጅረት በኩላንቱ (በማቀዝቀዣው ውሃ) በኩል መንገድ ካገኘ አሉሚኒየሙን ከውስጥ ይበላዋል። ተርሚናሎቹ የተጨመቁት ጥርስ ባለው፣ ጭምቁ ሳይሞላ በማይለቅ ፒንሳ ነው፤ እያንዳንዱ በእጅ በኃይል ተስቦ ተፈትሿል፣ ከዚያ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚሰበሰብ ላስቲክ ለብሷል። ሪሌዎቹ እግራቸው ወደ መሬት ተደርጎ ቆመዋል። የቀድሞው መቀመጫ አፉ ወደ ሰማይ ስለነበር መኪናው በታጠበ ቁጥር ውሃ ይቋጥር ነበር፤ የመዳቡ አረንጓዴ ዝገት ምስክር ነው።

አሁን ባትሪው ላይ 13.6 ሲሆን ፋኑ ላይ 13.2 ነው። ያው ፋን፣ ያው ክንፍ፣ ያው ራዲያተር። ድምፁ ራሱ ተለውጧል፤ ከዚህ በፊት የሚያጉረመርመው አሁን ያፏጫል። ኤር ኮንዲሽነር በርቶ ቆሞ ሲሠራ መርፌው ከመሃል አልወጣም።

ኤር ኮንዲሽነር ሲበራ ፋን አብሮ እንዲነሳ ማድረግ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ቦታ ነው። የኤር ኮንዲሽነሩን ኮምፕሬሰር የሚያስነሳው ክላች ሽቦ ፖዘቲቭ ነው፤ የሙቀት ስዊቹ የሚሰጠው ደግሞ ኔጋቲቭ። ሁለቱን አንድ ላይ ማጠላለፍ አጭር ግንኙነት ነው። መፍትሔው ሦስተኛ ትንሽ ሪሌ ነው፦ የክላቹ ፖዘቲቭ በ86 ይግባ፣ 85 ኔጋቲቭ ይሁን፣ 30ም ኔጋቲቭ ይሁን፣ 87 ከፋኑ ሪሌ 85 ሽቦ ጋር ይገናኝ። ክላቹ ሲበራ ትንሹ ሪሌ ለትልቁ ኔጋቲቭ ይሰጠዋል። በዚህ ሽቦ የሚያልፈው የኮይል ጅረት ብቻ ስለሆነ 1 ካሬ ሽቦ ይበቃል።

ራዲያተር ቅጠል ውስጥ የሚሰካው የሙቀት ዘንግም ከሽቦው ጋር አብሮ ተጥሏል። የሚለካው የቅጠሉንና የአየሩን ድብልቅ እንጂ የኩላንቱን ሙቀት አይደለም፤ ፋኑ ሲነሳ የሚስበው አየር ዘንጉን ራሱን ያበርደዋል፣ ፋኑ ቶሎ ይጠፋል፣ ተመልሶ ይነሳል። ሲሰካም ቱቦ የመውጋት አደጋ አለው። በቦታው በጥርስ የሚገባ፣ ጫፉ ኩላንት የሚነካ ስዊች ከሞተሩ በሚወጣው ሙቅ ውሃ መስመር ላይ ገብቷል። አንደኛው ፋን በ93 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይነሳል፣ በ87 ይጠፋል፤ ሁለተኛው በ98። ቴርሞስታቱ 82 ላይ መከፈት የሚጀምር ስለሆነ የፋኑ መጥፊያ ከዚያ በላይ መሆን አለበት፤ ከ82 በታች ከተደረገ ፋኑ የሚጠብቀው ሙቀት ፈጽሞ አይመጣም፣ ቀኑን ሙሉ ሲዞር ይውላል። ስዊቹ በራዲያተሩ መውጫ በኩል የሚገባ ከሆነ ግን ውሃው በርዶ ስለሚደርስ ቁጥሮቹ ዝቅ ማለት አለባቸው።

መግጠሙን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ ክላች ፋኑን የሚይዙት አራት ብሎኖች ብዙ ጊዜ የውሃ ፓምፑን ፑሌጃም የሚይዙት እነሱ ናቸው። ፋኑ ሲወጣ ያው ረጅም ብሎን ተመልሶ ከገባ መጨረሻው ላይ ደርሶ ይቆማል፣ ፑሌጃው ግን ላላ ይቀራል። አጭር ብሎን ወይም በቂ ሮንዴላ ያስፈልጋል። ሽራውዱን አትዝለሉት። የሁለቱ ባለ 12 ኢንች ፋኖች ክብ ስፋት ወደ 1460 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፤ 70 በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ራዲያተር 3150 አለው። ያለ ሽራውድ ከግማሽ በላዩ ራዲያተር አየር ይጠማዋል። በቅጠሉ መሃል በሚያልፍ የፕላስቲክ ማሰሪያ ፋን ማሰርም መንቀጥቀጡ ቱቦውን እያሸ እንዲበሳው መፍቀድ ነው። የሽራውዱ መያዣ ብረት ከራዲያተሩ ጎንና ጎን ይታሰር። ሲያልቅ ራዲያተሩ ፊት ላይ ወረቀት ያዙ፤ ካልተለጠፈ ፋኑ ወደ ተሳሳተው አቅጣጫ እየዞረ ነው።

ሻጩ «ነዳጅ ይቆጥባል» ካለ ብዙ አትስሙት። ክላች ፋንም ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይንሸራተታል እንጂ ሁልጊዜ ጉልበት አይበላም፤ የኤሌክትሪኩም ጅረት በአልተርኔተሩ በኩል ከዚያው ሞተር ነው የሚመጣው። ከባድ ተጎታች እየጎተተ ረጅም ዳገት በዝግታ ለሚወጣ ፒክአፕ ክላች ፋኑን እንዲያወጣ አልመክረውም፤ በዚያ ሥራ ላይ የሚሰጠውን አየር እነዚህ ሁለቱ አይደርሱበትም። የኤሌክትሪኩ ፋን የሚያኮራው ሌላ ቦታ ነው። ጠዋት ሞተሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ወንዝ ከመሻገር በፊት ደግሞ በአንድ ስዊች ይጠፋል። ውሃ ውስጥ የሚዞር ክንፍ ታጥፎ ራዲያተሩን ሊቀድ እንደሚችል ለሚያውቅ ሰው ያ ስዊች ብቻውን ግዢውን ያካክሳል።

ይህን ፋንና ይህን ሽራውድ ነገም ቢሆን እገዛለሁ። የሽቦውን ከረጢት ግን ካርቶኑ ሲከፈት ለሻጩ እዚያው እተውለታለሁ። በነባሩ ሽቦ የሚነዳ ሰው ዛሬ ማድረግ ያለበት ይህ ነው፦ ፋኖቹ 20 ደቂቃ ያህል ከሠሩ በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ፣ እጁን ከፋኖቹ አርቆ፣ የሪሌውን መቀመጫና የፊውዙን ቤት በጣት ይንካ። ለብ ማለት ያለ ነው። ጣት አስነስቶ የሚያስመልስ ከሆነ ሞተሩን አጥፍቶ ይንቀለውና የ87ን ቀዳዳ ቀለም ይመልከት።