«በግማሽ ቀን አዲስ እናደርጋታለን» ለሚሏችሁ መኪናችሁን አትስጡ

ባሕር ዳር ያላችሁ ባለመኪናዎች፣ ይቺን አንብቡና ለሚመለከተው ሰው አስተላልፉ። ላቫጆ ላይ ወረፋ ስንጠብቅ እየተጠጉ «ናኖ ሴራሚክ፣ የአምስት ዓመት ዋስትና፣ በግማሽ ቀን እናስረክባለን» የሚሉ በዝተዋል። ሴራሚክ የሚሉት የመኪናን ቀለም ለመጠበቅና ለማብራት ከላዩ የሚቀባ ሽፋን ነው። ዋጋው ሙሉ ቀለም ከማስቀባት ጋር ሲተያይ ምንም ስላልሆነ ብዙ ሰው እየተያዘ ነው።

የባለቤቴ ወንድም ቪትዙን ሰጣቸው። ማታ ይዟት ሲመጣ እውነትም ፊት ታሳያለች፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ አየ። ሁለት ጊዜ ከታጠበች በኋላ ግን ኮፈኑም ጣራውም እንደ ድሮው ደበዘዘ። ይባስ ብሎ ፀሐይ ላይ ስትቆም ከዚህ በፊት ያልነበረ ክብ ክብ ጭረት ይታይባታል። ዋስትናውን ይዞ ቢሄድ «በሳሙና ስላሳጠብካት ነው» አሉት። መኪና በምን ሊታጠብ ኖሯል?

የተሠራውን ሥራ ልንገራችሁ። የዛሬ መኪኖች ከቀለሙ በላይ ትራንስፓረንት የምንለው ጥርት ያለ ሽፋን አላቸው። ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው፤ ከአንድ ዘለላ ጸጉር ይቀጥናል። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለው የከተማችን ፀሐይ፣ የሐይቁ ወፎች ኩስ፣ ጣና ዳር ደለል ባለው ውሃና በቆሻሻ ጨርቅ ማጠብ፣ ሁሉም የሚበላው ይህንኑ ሽፋን ነው። ትክክለኛ ፖሊሽም ቢሆን ከላዩ ጥቂት ልጦ ነው የሚያበራው፤ ስለዚህ በየዓመቱ የሚደጋገም ነገር አይደለም። እነዚህ ሰዎች ግን ሻካራ ኮምፓውንድ (የሚፍቅ ቅባት) ይቀቡና በፈጣን ማሽን ይፍቁታል፤ ጭረቱን ደግሞ በሲሊኮን ዘይት ይሞሉታል። ዘይቱ ይታጠባል፣ የተፋቀው ግን አይመለስም።

ማታለያቸው ውሃ ማፍሰስ ነው። ውሃው እየተንከባለለ ሲወርድ «አያችሁ፣ ሴራሚክ!» ይላሉ። ተራ ሰምም ሲሊኮንም ውሃ ያንከባልላል። እውነተኛ ሴራሚክ ከተቀባ በኋላ ቢያንስ አንድ ቀን ያህል ውሃ ሳይነካው መድረቅ አለበት፤ ለዓመታት ይቆያል ተብሎ፣ ቀብተው ወዲያው ውሃ የሚያፈሱበት ሴራሚክ የለም።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አልኮል በንጹሕ ጨርቅ አርጋችሁ አንድ ጥግ ጥረጉ። ብርሃኑ ከጠፋና ጭረቱ ከወጣ የተሸጠላችሁ ዘይት ነው። ሠራተኛው ሥራውን ጥላ ሥር ካልሠራ፣ ጠርዞቹን በወረቀት ፕላስተር ካልሸፈነ፣ መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ካላሳየ ቁልፋችሁን መልሳችሁ ተቀበሉ። ትራንስፓረንቱ ነጭ ነጭ እያለ መላጥ ለጀመረ መኪና ደግሞ የትኛውም ፖሊሽ አይሠራም፤ ያንን አካል እንደገና ማስቀባት ብቻ ነው ያለው። ይህን ፊት ለፊት የሚነግራችሁ ባለሙያ ካገኛችሁ እሱን ያዙት።

አሮጌ መኪና ልትገዙ የምትዞሩም ተጠንቀቁ፤ ከሽያጭ በፊት እንዲህ የምትቀባ ብዙ ናት። ደላላው ቢቆጣም ባይቆጣም አሳጥባችሁ፣ ቀትር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ እዩዋት።

አስቀድሞ ያሠራችሁ ካላችሁና ቀለም ልታስቀቡ ከሆነ፣ ሲሊኮን እንደተቀባች ለቀለም ሠሪው ንገሩት። በደንብ ካልጸዳ አዲሱ ቀለም ዓይን ዓይን (ትናንሽ ክብ ጉድጓድ) እያወጣ ይሸሻል፤ ያኔ ለሁለተኛ ጊዜ የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።